መብት፣ ርስትና ግብር፤ በሞጣና በቢቸና ሙግት ውስጥ ያሉ ቃላት አፈታት

የሰው ልጅ የነጻነትና የመብት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የነገሥታት ቃል ኪዳን፣ የሸንጎ ድንጋጌና የፈላስፎች መጽሐፍ ነው። በአገራችን ግን የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል የሚገኘው በአቤቱታ ወረቀት፣ በርስት ሙግትና በግብር ደረሰኝ ውስጥ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጁም ሆነ ተርጓሚው ቃላቱን መፈተሽ ያለበት ከዚያው ነው። ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ምሳሌ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ፣ በተለይም በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች የነበረው፣ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ያነሣው ተቃውሞ ነው። የታሪክ ምሁራን ስለ ነገሩ ሂደት ጽፈዋል፤ ከእነርሱም መካከል ገብሩ ታረቀ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት የገበሬ ዐመፆች ጥናት ሰፊ ምዕራፍ ሰጥተውታል። የእኛ ፍላጎት የእነርሱን ሥራ ለመድገም አይደለም። በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው፣ ነገሩ የተፈጸመው በአማርኛ ሆኖ ሳለ፣ በየመሥመሩ የሚሰናከልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ለማሳየት ነው።

አስቀድመን ነገሩን ባጭሩ እንግለጸው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 አሥራት የተባለውን ግብር አስቀርቶ በምትኩ ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል ደነገገ። ገቢውም የሚታወቀው በግምት ነበር። የጎጃም ገበሬ መጀመሪያ አቤቱታ አቀረበ፤ ቀጥሎ ገማቾችን አላስገባም አለ፤ በመጨረሻም መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ይሁን እንጂ ግብሩን ማስከፈል አልተቻለም። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይፈጸም ቀረ፤ በተከታዩ ዓመት የቆየው የግብር ውዝፍ በምሕረት ተሰረዘ።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። በዛሬው አማርኛ የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ ሆኖ የሚቀርበው ቃል «መብት» ነው። ገበሬው ለመብቱ ተነሣ እንላለን። የቃሉ ምንጭ የግእዙ «መባሕት» ሲሆን፣ «አብሐ» ማለት ፈቀደ፣ አሠለጠነ፣ «ብውሕ» ማለት የተፈቀደ፣ የተሠለጠነ ማለት ነው። ሐ በአማርኛ ስትጠፋ «መብት» ሆኖ ቀረ። እንግዲህ በሥሩ መብት ማለት ከበላይ የተሰጠ ፈቃድና ሥልጣን ነው፤ ፈቃጅ ካለ መብት አለ፤ ፈቃጁ ቃሉን ካነሣ መብቱም አብሮ ይነሣል። ይህ የአፈታት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሦስተኛ ምዕራፍ የሕዝቡን መብት የሚያቀርበው ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ እንደ ፈቀዱት ነገር አድርጎ ነው፤ በዚያ ቦታ ቃሉና አሳቡ ፍጹም ተስማምተው ይገኛሉ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንም ሰው ያለ ሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ሀብቱን እንዳያጣ ሲደነግግ፣ አሳቡን የወሰደው ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በዚያ አገር መብት የሚባለው ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣ፣ መንግሥት የሚያውቀው እንጂ የማይሰጠው ነገር ነው። እኛ ግን አዲሱን አሳብ በአሮጌው የፈቃድ ቃል አለበስነው። ቃሉ ከዚያ ወዲህ በአጠቃቀም ብዛት ትርጉሙን አስፍቷል፤ ቢሆንም «መብት ሰጠ»፣ «መብት ነፈገ»፣ «በተሰጠው መብት» የሚሉት አነጋገሮች ሥሩ አሁንም ሕያው መሆኑን ይመሰክራሉ።

የሞጣ ገበሬ ታዲያ ፈቃድ አልነበረም የሚጠይቀው። የእርሱ ቃል «ርስት» ነበር።

«ርስት» ከ«ወረሰ» የወጣ ስም ነው፤ ተርጓሚዎችም ይህን ይዘው «የውርስ መሬት» ወይም «የግል የመሬት ሀብት» እያሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሱት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አማርኛ ሲመጣ «የግል ንብረት» ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁለቱም አፈታቶች በጎጃም ልማድ አይሠሩም። በዚያ ልማድ ርስት ማለት በተወሰነ ማሳ ላይ ያለ ባለቤትነት ሳይሆን፣ ምድሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሰው ሁሉ ከዚያ አባት ምድር ድርሻ ለመጠየቅ የሚችልበት የትውልድ መብት ነው። የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ወገን ነው፤ ሴት ልጅም እንደ ወንዱ ትወርሳለች፣ ትከራከራለች። ስለዚህ አንድ ሰው በብዙ አባቶች በኩል በብዙ አጥቢያ ርስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉንም አይዝም። የሚይዘው ተሟግቶ፣ ዘሩን ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ ያገኘውን ነው። ማሳው ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ፣ በድልድል ሊለዋወጥ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል፤ ቢሰደድ እንኳ አይጠፋም። «አጽመ ርስት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው፤ መሬቱ ከአባቶች አጥንት ጋር ተቆራኝቷል።

እንግዲህ ርስት «የግል» ነው ወይስ «የወል»? የግለሰብን መብት ከቡድን መብት ለይተው የሚያስቡ ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ያነሣሉ። እኛ ጥያቄው ራሱ ከቦታው የወጣ ነው እንላለን። ምንጩ የወል ነው፤ ማንም ለብቻው አቅኚ አባት የለውም። ሙግቱ ግን የግል ነው፤ በዳኛ ፊት ቆሞ «ድርሻዬን» የሚለው አንድ ሰው ነው፤ ሲረታም የሚያርሰው እርሱ ነው። «ግለሰብ» የሚለው ቃል «ግል»ንና «ሰብ»ን አጋጥሞ የተሠራ ነው፤ ቃሉ ባልነበረበት ዘመን እንኳ አሳቡ በጎጃም የርስት ችሎት ፊት በየቀኑ ይቆም ነበር ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ የአካባቢው የቦታ ስሞችም ይህን የድርሻ አስተሳሰብ ይዘው የቆዩ ይመስለናል። ሞጣ ያለችበት ወረዳ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው። አንባቢ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው፣ እነሴ ከሦስት ተከፍሎ ሁለት እጁ ወዲህ፣ ሲሶው ወዲያ እንደሆነ አድርጎ ያነባቸዋል። የስመ ቦታ ጥናት ለሚያደርጉ ባልደረቦቻችን ጥሩ የሥራ ርዕስ ነው።

ከርስት ጋር የማይለይ፣ ግን የማይመሳሰል ቃል «ጉልት» ነው። ጉልት መሬቱን የማረስ ሳይሆን ከሚያርሰው ላይ ግብር የመቀበል ሥልጣን ነው፤ ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠዋል። በአንድ ማሳ ላይ ርስተኛውና ጉልተኛው ሁለቱም አላቸው፤ ያላቸው ነገር ግን የተለያየ ነው። የውጭ ጽሑፍ ተርጓሚ ሁለቱንም «ባለመሬት» ብሎ ሲያልፍ ታሪኩ ይገለበጣል፤ በሞጣ የተነሣው ባለርስቱ አራሽ ሆኖ ሳለ፣ ባላባቱ የተነሣ ይመስላል። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት የተሻሩት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ነው። በዚያው ዓመት የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩ የሚካሄደው በአመዛኙ በዲማ፣ በዚያው በቢቸና ምድር ሲሆን፣ ገበሬው በጉልተኛው ላይ ሲነሣም ያሳያል። የዘመኑን የመሬት ቃላት በአገባባቸው ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከሕግ መጻሕፍቱ የተሻለ ምንጭ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም ለዚህ ችግር መፍትሔ አላመጣም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። «ባለሀብትነት» እና «ይዞታ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ሥራ ማስያዙ ለሕግ አማርኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ በዚህ ላይ ነቀፋ የለንም። ነገር ግን ርስት በሁለቱም ውስጥ አይገባም። ከባለሀብትነት ያንሳል፤ ርስተኛ እንደ ፈቀደው ለማንም አይሸጥምና። ከይዞታም ይበልጣል፤ ያልያዘውም ሰው ርስተኛ ነውና።

«ግብር» ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስተው ቃል ነው። በግእዝ «ገብረ» ሠራ፣ «ግብር» ሥራ፣ «ገብር» አገልጋይ ነው። በአማርኛ «ግብር» ለንጉሥ የሚከፈለውም፣ ንጉሥ የሚያበላውም ነው፤ «ግብር አገባ» ያልነው ሰው ገበታ አብልቶ ይሆናል። ለርስተኛ ግን ከዚህ በላይ አንድ ትርጉም ነበረው፤ ግብር የርስት ምስክር ነበር። በስሙ ግብር የሚከፈልበት ሰው ሲሟገት «የገበርሁበት ነው» ይላል። ስለዚህ በዘመኑ የነበሩ ሹማምንት ደጋግመው እንዳሉት «የጎጃም ሰው ግብር አልገብርም አለ» ብሎ መጻፍ ነገሩን በግማሹ ማየት ነው። የተጠላው መገበሩ ሳይሆን የግብሩ ዓይነት መለወጡ ነበር።

የቀደመው ግብር በድምር የተቆረጠ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በመከፋፈል የተጀመረው አዲስ የመሬት ግብር በጎጃም ተቃውሞ ስለ ገጠመው፣ በ1936 ዓ.ም. ግድም በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ በልዩ ሁኔታ ቀድሞ ይከፍሉ የነበረውን እንዲከፍሉ ተደረገ። በመሆኑም መሬቱ ሳይለካ ቀረ። መለኪያው «ቀላድ» ይባላል፤ መጀመሪያ የመለኪያ ገመድ፣ ቀጥሎ መለካቱ፣ ቀጥሎም የተለካው መሬት ስም ሆኗል። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ቀላድ በተጣለበት ምድር ነዋሪው ከባለርስትነት ወደ ገባርነት እንዴት እንደ ወረደ ጎጃም ሰምቶ ያውቅ ነበር። አዲሱ አዋጅ ስለ ቀላድ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ «ገቢ» ነው። ነገር ግን ገቢን ለመገመት ማሳውን ማየት ያስፈልጋል፤ ማሳ የሚያይና የሚጽፍ የመንግሥት ሰው በገበሬው ዓይን ቀላድ ጣይ ነው።

«ገቢ»ም ራሱ እንግዳ ቃል ነበር። በከተማ ደመወዝ ለሚቀበል ወይም ሱቅ ለከፈተ ሰው ገቢ ማለት ወደ ኪስ የሚገባው ገንዘብ ነው። አምርቶ ለሚበላ ቤተ ሰብ ግን ከአውድማ ወደ ጎተራ የገባው እህል «ምርት» እንጂ «ገቢ» አይባልም፤ ከእርሱም ላይ ዘሩ፣ ቀለቡ፣ ተዝካሩ ይወጣል። ሕግ አውጪው «የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር» ሲል ሦስቱን ቃላት ሰዋስው ሳይስት አቀናጅቷል፤ ሆኖም በሞጣ ገበያ ለቆመ አድማጭ ይህ ሐረግ የሚያሰማው «ገና አንድ ተጨማሪ ግብር» ብቻ ሳይሆን «መሬቱ የማን እንደሆነ እንደገና ሊጻፍ ነው» የሚልም ነበር። ስጋቱ ከሕጉ ፊደል ጋር ይስማማል ወይ ብሎ መጠየቅ የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው። የቃላት ባለሙያ ድርሻ፣ አዋጅ ነጋሪው ያለውና ሰሚው የሰማው አንድ አለመሆኑን መመዝገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የቆመው ፍርሃት በአንድ ቃል ሲነገር «ጢሰኛ» መሆን ነው። በመካከለኛውና በደቡቡ አማርኛ «ጭሰኛ» የሚባለው በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ተከራይ ነው፤ በ1960ዎቹ የተማሪዎች ጽሑፍም የገነነው ይኸው ትርጉም ነው። በጎጃም ግን ጢሰኛ ማለት ከቀየው ርስት የሌለው፣ ጢሱ ብቻ የሚታይ መጻተኛ ማለት ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ እስላሙ ነጋዴ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ ብዙ ትውልድ በቦታው ቢኖሩም እንኳ ስሙ አይለቃቸውም። እዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። የሞጣና የቢቸና ርስተኛ ለመብቱ በቆመ ጊዜ የተሟገተለት መብት ጎረቤቱን ጢሰኛ የማያስገባ መብት ነበር። ይህን የሚሰውር ፍቺ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ለታሪክም ለእውነትም አይበጅም።

ስለ «ነጻነት» ደግሞ ጥቂት እንበል። ሥሩ የግእዙ «ነጽሐ»፣ «ንጹሕ» ነው፤ ስለዚህ በጸሎቱ ጸ «ነጻ» ተብሎ ቢጻፍ ሥሩን ይጠብቃል፤ በፀሐዩ ፀ መጻፉ ግን በጋዜጣና በሕግ ጽሑፍ እጅግ ተስፋፍቷል። የመጀመሪያ ትርጉሙ ከእድፍ መጥራት ነው፤ ከዚያ ከክስ መጥራት፣ ከዕዳ መጥራት፣ ቀጥሎም ከባርነት መውጣት መጣ። በመጋቢት 1916 ዓ.ም. እና በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጡት የባርነት አዋጆች ጉዳይ ይህ የመጨረሻው ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከወጣ በኋላ ግን «ነጻነት» ከምንም በላይ የአገር ነጻነት ማለት ሆነ። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ የተዋጉለት ነጻነት ይህ ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሲቀጡ የሞቱትም በነጻ አገር ውስጥ ነው። አንድ ቃል ለአገርና ለሰው ባንድነት ሲያገለግል፣ አገሩ ነጻ ከሆነ ሰውም ነጻ ነው የሚል አሳብ ሳይታሰብ ሾልኮ ይገባል። ግእዝ ለዚህ «ሐርነት» የሚል ሌላ ቃል ነበረው፤ በአማርኛ «አርነት» ሆኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ውስጥ ይገኛል፤ በትግርኛ «ሓርነት» እስከ ዛሬ ሙሉ ኃይሉን ይዟል። የአገሩን ነጻነት ለ«ነጻነት»፣ የሰውየውን ለ«አርነት» መተው ይቻል ነበር፤ አጋጣሚው ግን አልፏል፤ ቃልን በአዋጅ ማስለመድ እንደማይቻል ከብዙ ሙከራ አይተናል።

ገበሬው ተቃውሞውን የጀመረው በ«አቤቱታ» ነው ብለናል። «አቤት» ሲጠሩት የሚመልስ ሰው ቃል ነው፤ የተበደለም ሰው ወደ ዳኛ የሚጮኸው በዚሁ ቃል ነው። ታዛዥነትና ክስ በአንድ ድምፅ ይወጣሉ። ይህን ወደ ውጭ ቋንቋ ስንመልስ «የልመና ጽሑፍ» የሚል መልክ ይይዛል፤ ነገር ግን አቤት ባይ የሚለምን ሳይሆን ዳኝነት የሚጠይቅ ነው፤ ካልተሰማ «እምቢ» ለማለት ምክንያት ያገኛል። አቤቱታው ሳይሰማ ሲቀር የተከተለውን ድርጊት ደግሞ ሁላችንም «ዐመፅ» እንለዋለን። እዚህ ላይ የግእዝ አንባቢ ይደነግጣል፤ «ዐመፃ» በግእዝ ግፍ፣ በደል፣ ከፍርድ መውጣት ነውና። በሥሩ ከሄድን ዐመፀኛው የሚበድለው እንጂ የሚነሣው አይደለም። አማርኛ ቃሉን ለተነሺው የሰጠው፣ ስም አውጪው ብዙውን ጊዜ ባለሥልጣኑ ስለ ነበረ ነው ብለን እንገምታለን። ቃሉ ዛሬ የነቀፋ ስሜቱን በብዛት ስላጣ ሌላ እንፈልግለት አንልም፤ ተርጓሚው ግን የቆየ የብራና ጽሑፍ ሲያነብ ሁለቱን እንዳያምታታ እናሳስባለን። «ምሕረት»ም እንዲሁ ነው። ውዝፉ በምሕረት ተሰረዘ ሲባል፣ ምሕረት በደልን ይቀድማልና፣ ገበሬው ጥፋተኛ ሆኖ የተማረ ይመስላል፤ እርሱ ግን የጠየቀው ፍርድ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሕዝቡ ነገሩን «መሬት ተወረሰ» ሲል ገለጸው። «ወረሰ» ከአባት መቀበልም፣ በመንግሥት መነጠቅም ነው፤ ርስትን የወለደው ግሥ ርስትን አጠፋው። በደቡብ ጭሰኛው ያገኘበት፣ በጎጃም ርስተኛው የአባት ስሙን ያጣበት አዋጅ አንድ ነው፤ ጢሰኛው ግን በዚህ አዋጅ መጀመሪያ ጊዜ በማሳ ላይ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ የሕጉ ቃል «ይዞታ» ነው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው እንጂ ሻጭ አይደለም። ይኸው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስቱን «ሰብአዊ» እና «ዴሞክራሲያዊ» መብቶች ብሎ ይከፍላል። የመጀመሪያው ቃል በአልፋው አ መጻፍ አለበት፤ «ሰብእ» ሰው ነው፤ በዐይኑ ዓ «ሰብዓ» ከተጻፈ ሰባ ቁጥር ነው። «ሰብዓዊ መብት» በየሰሌዳው ስናነብ ሰባውን መብቶች መቁጠር ያምረናል።

የመጨረሻው ማስታወሻችን ስለ አንድ የውሰት ቃል ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በቀድሞው ሥርዓት የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ገበሬዎች «ቢሮክራት»፣ ከዚያም በፊት ሹመት የነበራቸው «ቅሪተ ፊውዳል» ተብለው ተመደቡ፤ ከአንድ ሄክታር ያልበለጠ መሬትም እንዲቀርላቸው ተደረገ። ገበሬዎችም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ቢሮክራት» የሚፈታው በመሥሪያ ቤት ሥርዓት የሚሠራ ሹም ተብሎ ነው። ለሞጣ ገበሬ ግን ቃሉ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ በአንድ ዘመን በቀበሌው ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ፣ በዚህም ምክንያት ማሳው የተቀነሰበት ሰው ማለት ነው። ይህ ሁለተኛ ፍቺ ከነዘመኑና ከነአካባቢው በመዝገቡ እንዲገባ፣ አገባቡም በቃል ከሚያስታውሱት ሰዎች እንዲሰበሰብ እናመለክታለን።